የተከደነው ቢርካ

«ጠጪና ዝም በይ» ስትል ነው ቀድሪያ እናቷን የሰማቻት። ጊዜው ማለዳ ነበር፤ ፀሐይ ገና የቆርቆሮውን አጥር ጫፍ አልነካችም። ቀድሪያ ፊቷን ልትታጠብ በጓሮው በር ብቅ ስትል፣ እናቷ ፉዚያ ጀርባዋን ሰጥታ በግቢው መካከል ባለው ቢርካ ክዳን ላይ ተንበርክካ አገኘቻት። ቢርካ በቆላው አገር የዝናብ ውኃ የሚጠራቀምበት፣ ከመሬት በታች ተቆፍሮ በሲሚንቶ የሚለሰን ጉድጓድ ነው። የእነ ቀድሪያ ቢርካ ግን ከብዙ ዓመት በፊት አፉ በብረት ክዳን ተዘግቶ፣ በላዩ ሲሚንቶ ፈስሶበት፣ ከጣሪያው የሚወርደው አሸንዳም ወደ ፕላስቲክ ሮቶ ተዛውሮ፣ አገልግሎቱን አቁሟል። በሲሚንቶው ላይ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አለ። ፉዚያ በየማለዳው አንድ ኩባያ ውኃ በዚያ ስንጥቅ ታፈስሳለች። ቀድሪያ በልጅነቷ ምክንያቱን ስትጠይቅ ያገኘችው መልስ «ሲሚንቶ ውኃ ካልጠጣ ይሰነጠቃል» የሚል ነበር፤ ማንኛውም ግንበኛ የሚለው ቃል ስለሆነም አምናው አደገች። ነገር ግን ግንበኛ ሲሚንቶን ውኃ የሚያጠጣው አዲስ በሆነበት ሰሞን ብቻ ነው። ሲያጠጣውም አያነጋግረውም።

ፉዚያ ዘወር ስትል ልጇን አየች። «መቼ ተነሣሽ?» አለቻት። «አሁን» አለች ቀድሪያ። እናት ኩባያውን በሻርፗ ጫፍ ሸፍና ወደ ማድ ቤት ገባች። ልጅ ደግሞ ስንጥቁ አጠገብ የቀረውን እርጥበት ስትመለከት ቆየች። እርጥበቱ እንደሌላው ቀን በአቧራው ላይ አልተንጣለለም፤ ሰው በጥም ሲጎነጭ እንደሚሆነው ሁሉ ወደ ውስጥ ተሰብስቦ ጠፋ።

ወሩ ነሐሴ ነበር። በሰሜኑ አገር ክረምት የሚባለው ይህ ወራት በነገሌ ቦረና ዝናብ አያውቅም፤ ሰማዩ ይዳምናል እንጂ አያወርድም፤ ቀኑን ሙሉ የሚነፍሰው ነፋስ ቀዩን አቧራ ከጎዳና ወደ ሱቅ፣ ከሱቅ ወደ ምግብ ይጨምረዋል። ስለዚህም ከአዲስ አበባ የመጣው «የክረምት የምናባዊ ልቦለድ ዐውደ ጥናት» ለከተማው ሰው ስሙም ግብሩም እንግዳ ሆኖበት ነበር። ጎረቤቶች ቀድሪያን ባገኟት ቁጥር የሚጠይቋት ሥልጠናው አበል እንዳለውና እንደሌለው ነው። እንደሌለው ሲሰሙ በሐዘን ራሳቸውን ይነቀንቁና፣ የሌለ ነገር ለመጻፍ ትምህርት ምን እንደሚያስፈልግ ይጠይቃሉ። ቀድሪያ ከኮሌጅ ተመልሳ በአባቷ የጅምላ ሱቅ ውስጥ ሩዝና ዘይት ስታስረክብ የኖረች የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ናት። ይህ ነሐሴ በሕይወቷ ለራሷ የሆነ ነገር የሠራችበት የመጀመሪያው ነበር። ዕለቱ ደግሞ የዐውደ ጥናቱ መዝጊያ ሲሆን፣ ከሰልጣኞች መካከል የተመረጠ አንድ ሰው በከተማው ሽማግሌዎች ፊት ድርሰቱን ያነብባል።

አባቷ ሐጂ ሀሺ ከመስጊድ ተመልሰው ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሐጂ በነገሌ ገበያ ስማቸው የተከበረ ነጋዴ ናቸው። የተከበሩትም በሀብታቸው አይደለም፤ ከእርሳቸው የሚበልጡ ባለሀብቶች አሉ። «ሐጂ ሀሺ ባሉበት የተሳሳተ ወሬ አያድርም» ይባላል። በዚያ አገር ወሬ እንዲሁ አይወራም። ከመንገድ የመጣ ሰው መጀመሪያ ሰላሙን፣ ቀጥሎ ዝናቡንና ሣሩን፣ ከዚያም ያየውንና የሰማውን በቁራጭ በቁራጭ ያወርዳል፤ ሰሚውም ለእያንዳንዱ ቁራጭ «ኤዬ» እያለ ይቀበላል። ተቀባይ ዝም ካለ ተናጋሪው ይቆማል። ከሁሉ በላይ፣ ስሕተት መሆኑን እያወቀ ሳያርም ያሳለፈ ሰሚ ከዋሸው ሰው እኩል ይቆጠራል። ሐጂ ሀሺ ይህን ሥርዓት እንደ ሃይማኖት የያዙ ሰው ናቸው።

«የውኃ ጀሪካን ዛሬ ሃያ ብር ገባ» አለች ፉዚያ ሻይ እየቀዳች።

«ሃያ የገባው ትናንት ነው» አሉ ሐጂ። «ዛሬ ሃያ ሁለት ነው።»

በዚህ መካከል ወተት የሚያመጡት ኢቢሴ በግቢው በር ገቡ። ኢቢሴ ከከተማው ዳር ካለ የቦረና መንደር በየማለዳው ወተት ተሸክመው የሚመጡ፣ ቁመታቸው ረጅም፣ አንገታቸው ቀጥ ያለ አሮጊት ናቸው። አማርኛ የሚያውቁት ለገበያ ያህል ብቻ ነው። «ናጋ ቡልተኒ?» አሉ፤ በሰላም አደራችሁ ማለታቸው ነው። «ናጋ» አሉ ሐጂ። ኢቢሴ በኦሮምኛ ወሬያቸውን አወረዱ፤ ነፋሱ እንደ በረታ፣ ግመሎቹ ኤላ ወደሚባሉት የዱብሉቅ ጥልቅ የውኃ ጉድጓዶች እንደ ተነዱ፣ የጎረቤታቸው ጊደር እንደ ሞተች። ሐጂ ለእያንዳንዱ «ኤዬ» እያሉ ተቀበሉ። በመጨረሻም ኢቢሴ ሁልጊዜ የሚጠይቁትን ጠየቁ። «ኦዱ ሎሚ?» የሎሚ ወሬ አለ ወይ ማለታቸው ነበር።

ሎሚ የኢቢሴ ልጅ ናት። ቀድሪያ ሕፃን ሳለች በዚህ ቤት እየሠራች፣ ትምህርትም እንድትማር በአደራ የተሰጠች ልጅ ነበረች። አንድ ቀን ጠፋች። ከጭነት መኪና ሾፌር ጋር ወደ ዶሎ ኦዶ ሄደች ተባለ። ወንድሟ ዶዮ እስከ ጠረፍ ድረስ ወርዶ በየመጠለያ ጣቢያው ሲፈልጋት ዓመታት አሳልፏል፤ አሁንም በደረቁ ወራት ይሄዳል። እናቲቱ ግን እዚሁ ይጠይቃሉ። ጥያቄው በተነሣ ጊዜ ሐጂ ሀሺ፣ ቀድሪያ እስከምታስታውሰው ድረስ ዘወትር እንደሚያደርጉት፣ ቆባቸውን አንሥተው ለውዱእ፣ ከሶላት በፊት ለሚደረገው መታጠብ፣ ወጡ። መልሱን የምትሰጠው ፉዚያ ናት። «ሾፌሩ ወሰዳት ነው የሚባለው፤ አዲስ ነገር የለም» አለች፤ አንገቷን ወተቱ ላይ እንደ ደፋች። ኢቢሴም «ኤዬ» አሉና ባዶ ዕቃቸውን አንሥተው ሄዱ።

ቀድሪያ ይህን ሺህ ጊዜ አይታዋለች። በዚያች ማለዳ ግን፣ ከስንጥቁ አጠገብ የሰማችው ቃል ገና በጆሮዋ ሳለ፣ አባቷ ለምን እንደሚነሡ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባት። የሚያስነሣቸው ውዱእ አይደለም። የሚስታቸውን መልስ ከሰሙ ማረም ይኖርባቸዋል፤ እንዳያርሙ አይሰሙም።

ልትወጣ ስትል እናቷ በሩ ላይ አስቆመቻት። «ዛሬ የምታነብቢው ስለ ምንድን ነው?»

«ከተመረጥኩ ነው እማ። ስለ አንድ ቤት ነው።»

«ስለ ማን ቤት?»

«ስለ ማንም። የሌለ ቤት ነው፤ በምናብ የተሠራ።»

«የማንም ያልሆነ ቤት የለም» አለች ፉዚያ። «አባትሽም እመጣለሁ ብለዋል። ራሴን አመመኝ በይና ቅሪ።» ቀድሪያ ሻርፗን አስተካክላ ባጃጅ ላይ ወጣች።

ዐውደ ጥናቱ የሚካሄደው በክብረ መንግሥት መንገድ ዳር ባለ የአንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነበር። የአዳራሹ መስኮቶች በአቧራ ምክንያት አይከፈቱም፤ መጋረጃው ቀይ ስለሆነ ውስጡ ያለ ሰው ሁሉ ቀልቶ ይታያል። ከሠርግ የተረፈ የወረቀት አበባ በጣሪያው ላይ እንደ ተንጠለጠለ ነው። አሠልጣኟ እስከዳር ከአዲስ አበባ የመጣች ደራሲ ናት፤ ጥብቅ፣ ለስሕተት ይቅርታ የማታውቅ፣ ለተማሪዎቿ ግን ከልብ የምታስብ ሴት። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሰጠቻቸው ሕግ አንድ ነበር። «የሌለ ዓለም ፍጠሩ፤ ግን በውስጡ በገዛ እጃችሁ የዳሰሳችሁትን አንድ ዕቃ አኑሩ። አንባቢ የሌለውን ዓለም የሚያምነው በዚያ ዕቃ ነው» ትላቸው ነበር። ቀድሪያ አዳራሹ ስትደርስ፣ እስከዳር ሁለት ሰልጣኞችን ከፊቷ አቁማ ክንዷን አጣምራ ነበር። አንደኛው የእጅ ስልክ የሚጠግነው ሳሊም ነው፤ ሁለተኛው የመምህር ገብረአምላክ ልጅ፣ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊው አክሊል። ሦስቱም አንድ ሰፈር ያደጉ ናቸው።

«አንቺም ነይ» አለች እስከዳር። «ስሙኝ። ሦስታችሁም ተስፋ የምጥልባችሁ ልጆች ናችሁ፤ ስለዚህ እውነቱን ንገሩኝ። ከማን ነው የወሰዳችሁት?»

ሦስቱም አልገባቸውም። እስከዳር ድርሰቶቻቸውን ሌሊቱን ስታነብብ ያገኘችውን አንድ በአንድ ነገረቻቸው። የአክሊል ታሪክ በከዋክብት መካከል ስለሚጓዝ መንኰራኵር ነው፤ በመንኰራኵሩ ወለል ላይ ማንም የማይከፍተው የብረት ክዳን አለ፤ ከሥሩ የሚያንኳኳ ይሰማል። የሳሊም ታሪክ ውኃ ስላለቀባት ዓለም ነው፤ በዚያች ዓለም በመጨረሻው ጉድጓድ ውስጥ አንዲት ልጅ አለች፤ የምትናገረው አንድ ቃል «ውኃ» የሚል ብቻ ነው። የቀድሪያ ታሪክ ሰዎቹን ስለሚውጥ ቤት ነው፤ ቤቱ የሚውጠው በግቢው ቢርካ በኩል ነው። በሦስቱም ውስጥ አንድ ጫማ አለ፤ ቢጫ፣ ፕላስቲክ፣ ጎኑ ላይ ቢራቢሮ ያለበት፣ ነጠላ ጫማ።

«መንኰራኵሩን ከማንም አልወሰድኩም» አለ አክሊል ተቆጥቶ።

«እሱስ እውነቱን ነው» አለ ሳሊም። «የአክሊል መንኰራኵር እንደ ነገሌ ሚኒባስ ሰው ካልሞላ አይነሣም። እንዲህ ያለ ነገር ሌላ ሰው አይጽፍም።» ለመሳቅ ሞከረ፤ ማንም አልተከተለውም። «ጫማው ግን…» አለ። በዝግታም ቀጠለ፦ «ጫማውን በእጄ የዳሰስኩት መስሎኝ ነው የጻፍኩት። ሱቅ ውስጥ አይቼው ይሆናል አልኩ። የት እንደሆነ ስፈልግ ግን አጣሁት።»

እስከዳር አላመነቻቸውም። አንዱ ካልተናዘዘ ማናቸውም እንደማያነብቡ ነገረቻቸውና ወንበር ለማስደርደር ሄደች። ሦስቱ በቀዩ ብርሃን ውስጥ ብቻቸውን ቀሩ። ከውጭ ነፋሱ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሳሊም ጥፍሩን እየነከሰ፣ ልጅ ሳሉ በእነ ቀድሪያ አጥር ሥር የሚጫወቱትን ጨዋታ አነሣ፤ ጆሮን በግንቡ ላይ ለጥፎ «ሰማሁ» ያለ ልጅ ያሸንፍ ነበር። ምን እንደሚሰማ ግን ማንም ተናግሮ አያውቅም። አክሊል ፊቱ ተለወጠ። «አንድ ቀን በእርግጥ ሰማሁ» አለ። «እስኪመሽ ድረስ ከሥር ያንኳኳል፤ ድምፅም አለው። አባቴን ስጠራው ወጥቶ አጥሩ ሥር ቆመ። ለብዙ ጊዜ ቆመ። ከዚያ ድመት ናት፣ ግባ አለኝ። እኔም ድመት አልኩት። ድመት ውኃ ስጡኝ አይልም እኮ።»

ቀድሪያ ስታስበው፣ የገዛ ታሪኳን ከየት እንዳመጣችው አታውቅም ነበር። ከምናቧ እንደሆነ አምና ነበር፤ እስከዳርም ምናቧን ስታደንቅላት ደስ ብሏት ነበር። አሁን ግን የሦስት ሰዎች ምናብ በአንድ ክዳን ሥር ተገናኝቷል። የሰፈሩ ልጆች ሰምተዋል፤ አዋቂዎቹ ድመት ብለዋል፤ ልጆቹም አድገው ረስተዋል። የሌለ ነገር ጻፉ በተባሉ ጊዜ ሁሉም የጻፉት የነበረውን ነው።

ከዚያ በኋላ ያደረገችውን አስባበት ነው ያደረገችው። እስከዳርን ፈልጋ፣ ታሪኩ የማን እንደሆነ ስትጠየቅ «ቢርካው ያለው በእኛ ቤት ነውና የኔ ነው» አለቻት፤ ሁለቱም ጓደኞቿ በዝምታ አጸኑላት። እስከዳር ፊቷን አይታ ሌላ ጥያቄ አልጨመረችም። ቀድሪያም አጀማመሩን ለመለወጥና ቤቱ ለሚውጣት ልጅ ስም ለማውጣት ፈቃድ ጠየቀች። አባቷን ጠይቆ መልስ ማግኘት እንደማይቻል ታውቃለች፤ ሲጠየቁ ይነሣሉ። ከእርሳቸው እውነት የሚገኘው አንድ ስሕተት በፊታቸው ሲነገር ብቻ ነው። ተሳስታ ከሆነ አባቷን በከተማው ፊት በከንቱ ታዋርዳለች፤ በዚያ ቤትም ቦታ አይኖራትም። ካልተሳሳተች ደግሞ ኢቢሴ ነገም ከነገ ወዲያም ወተት ተሸክመው መጥተው መጠየቃቸው፣ ዶዮም ጠረፍ ለጠረፍ መንከራተቱ ዛሬ ያበቃል። ሌላ መንገድ አልታያትም።

ከሰዓት በኋላ እንግዶቹ መጡ። ከፊተኛው ረድፍ ሐጂ ሀሺ ነጭ ጀለብያቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ተቀመጡ። ከአጠገባቸው መምህር ገብረአምላክ በአሮጌ ሱፍ ካፖርታቸው ተቀምጠዋል። በበሩ አጠገብ፣ ለእንግዶቹ ሻይ ወተት ያቀረቡት ኢቢሴ ባዶ ዕቃቸውን ለመቀበል ቆመው ይጠብቃሉ። እስከዳር አድማጮች እስከ መጨረሻው በጸጥታ እንዲያዳምጡ አሳሰበችና ቀድሪያን ጠራች። ቀድሪያ ወረቀቱን ይዛ ወጣች፤ የጀመረችው ግን ደራሲ እንደሚጀምር አይደለም።

«ናጋ ነው» አለች። «ዝናብ የለም፤ ነፋስ አለ። ወሬ ይዤ መጥቻለሁ።»

አዳራሹ ውስጥ የነበሩት ሽማግሌዎች ሁሉ በወንበራቸው ላይ ተስተካከሉ። ሐጂ ሀሺ የአሠልጣኟን ማሳሰቢያ ረስተው፣ ዕድሜ ልካቸውን እንደለመዱት «ኤዬ» አሉ።

«በአንድ ከተማ አንድ ቤት ነበር።»

«ኤዬ።»

«በቤቱ ግቢ ቢርካ ነበር። ወራቱ እንደ አሁኑ ደረቅ ስለነበር ቢርካው ባዶ ነበር።»

«ኤዬ።»

«በዚያ ቤት በአደራ የተሰጠች ልጅ ነበረች። ስሟ ሎሚ ይባላል።»

መልሱ አልመጣም። ቀድሪያ ቆመች፤ ሥርዓቱ ያስቆማታል። ኢቢሴ ከበሩ ሆነው፣ ከማይገባቸው ቋንቋ መካከል የልጃቸውን ስም ለይተው ራሳቸውን ቀና አደረጉ። ቀዩ መጋረጃ በነፋሱ ተነፍቶ ተመለሰ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሐጂ ዝቅ ባለ ድምፅ «ኤዬ» አሉ።

«ሎሚ አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ፣ ማንም ሳያዝዛት፣ የገዛ ጫማዋ ስለ ወደቀባት ልታወጣው ብቻዋን ወደ ቢርካው ወረደች። ጫማው ቢጫ ነበር።»

«አይደለም» አሉ ሐጂ ሀሺ።

ቃሉ ከአፋቸው የወጣው ሳያስቡት እንደነበረ፣ ወዲያው ከንፈራቸውን መግጠማቸው አስታወቀ። ነገር ግን ወጥቷል፤ ሽማግሌዎቹም ዞረው ቀሪውን ይጠብቃሉ። የጀመሩትን እርማት መዋጥ በዚያ አገር የለም። ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ጎህ ሲቀድ አይደለም፤ ከቀትር በኋላ ነው። ታዝዛ ነው የወረደችው። እኔ አልነበርኩም፤ ሲነገረኝ የተቀበልኩትን ነው የምናገረው። ጫማውም የሎሚ አይደለም።»

ቀድሪያ ያጠመደችው ወጥመድ እንደ ሠራ አወቀች፤ የሚይዘው ማንን እንደሆነ ግን ገና አላወቀችም። «የማን ነው አባ?» አለች።

«ያንቺ ነው» አሉ። «ሕፃን ነበርሽ። ስትጫወቺ ጣልሽው፤ ካልመጣልኝ ብለሽ አለቀስሽ። እናትሽ ልጂቱን በመሰላል አወረደቻት።»

የቀድሪያ እጅ ወረቀቱን ለቀቀው። መምህር ገብረአምላክ የገዛ ጫማቸውን አቀርቅረው ይመለከቱ ነበር። ከበሩ በኩል ኢቢሴ «ማል ጄዴ?» አሉ፤ ምን አለ ማለታቸው ነው። በአጠገባቸው የቆመውን ጠየቁ፤ ፊቱን አዞረ። ሌላውን ጠየቁ። አዳራሹ ውስጥ ሁለቱን ቋንቋ የማያውቅ ሰው ጥቂት ነበር፤ የሚተረጉም ግን አልተገኘም።

ሐጂ ሀሺ በወንበሮቹ መካከል አልፈው ከኢቢሴ ፊት ቆሙ። ወሬ ያለው ሰው ለባለቤቱ ማድረስ አለበት። በኦሮምኛ፣ በሥርዓቱ፣ በቁራጭ በቁራጭ ጀመሩ።

«ሎሚ ከሾፌር ጋር አልሄደችም።»

«ኤዬ» አሉ ኢቢሴ።

«ከቤቴ አልወጣችም።»

«ኤዬ።»

«እኔ ለንግድ ክብረ መንግሥት ነበርኩ። መሰላሉ ተሰበረ፤ ወድቃ ወገቧ ተሰበረ።»

«ኤዬ።»

«ውኃ ስጡኝ እያለች ተጣራች። ሚስቴ የእናንተን ጎሣ ፈራች፤ እኔ እስክመጣ ጎረቤት እንዳይሰማ ክዳኑን ዘጋችባት። በማግስቱ ስመጣ ጸጥ ብላ ነበር። ጸሎት አድርጌ፣ መቃብር ነው ብዬ በሲሚንቶ ደፈንኩት።»

ኢቢሴ አልመለሱም። ከንፈራቸው ተገጥሞ፣ ዓይናቸው በሐጂ ላይ ተተክሎ ቀረ። ሐጂም ተቀባይ ስላጡ መቀጠልም መመለስም አልሆነላቸውም፤ ሁለቱ አዛውንቶች እንዲሁ ተፋጥጠው ቆሙ። በዚያ ጸጥታ መካከል አንድ «ኤዬ» ተሰማ። ቀጭን ነበር፤ የልጅ ድምፅ የሚመስል። ቀድሪያ ናት ያሉ አሉ፤ ቀድሪያ ግን አፏን እንዳልከፈተች ትምላለች። እስከዳር ከወለሉ በኩል እንደ ሰማችው ተናግራ፣ በማግስቱ የመጀመሪያውን አውቶቡስ ይዛ ወደ አዲስ አበባ ተመልሳለች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁሉም በእነ ቀድሪያ ግቢ ውስጥ ነበሩ። ለፖሊስ የተላከው ሰው ገና አልተመለሰም። ሐጂ ሀሺ ጀለብያቸውን ወደ ላይ ሸብ አድርገው፣ ማንም እንዳይረዳቸው ከልክለው፣ በዲጂኖ ሲሚንቶውን ይመቱ ነበር። ክንዳቸው ሲዝል ሳሊምና አክሊል ሳይጠየቁ ቀርበው ተቀበሏቸው። ፉዚያ ከቤቱ በር ላይ የማለዳውን ኩባያ ይዛ ቆማለች። ማንም አልወቀሳትም፤ ማንም አላነጋገራትም። ቀድሪያ ከእናቷ አጠገብ ብትሆንም ወደ እርሷ አልዞረችም። ወደ ገዛ እግሮቿ ነበር የምትመለከተው፤ የትኛው እግሯ ባዶ ሆኖ እንደነበረ ለማስታወስ የምትታገል ትመስል ነበር።

ሲሚንቶው ተነሥቶ የብረቱ ክዳን ወደ ጎን ሲገፋ፣ በዙሪያው የቆመው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ቢርካው ሙሉ ነበር። አሸንዳው የተነሣበት፣ አንዲት የዝናብ ጠብታ ሊገባበት የማይችለው፣ የከተማው ቢርካዎች ሁሉ በደረቁበት ወራት፣ ያ ጉድጓድ እስከ ከንፈሩ ጢም ብሎ ነበር። ውኃው ጥቁርና ጸጥ ያለ ነው፤ ነፋሱ በግቢው ውስጥ ቆርቆሮ እያንጓጓ እንኳ ፊቱን አያንቀሳቅሰውም። በላዩ፣ የሕፃን መዳፍ የምታህል፣ ጎኗ ላይ ቢራቢሮ ያለባት አንዲት ቢጫ ጫማ ትንሳፈፋለች።

«አልጠጣችም» አለች ፉዚያ። የዚያን ዕለት በሰው ፊት የተናገረችው ይህን ብቻ ነው። ዓመታቱን ሁሉ በየማለዳው ያፈሰሰችው ውኃ ከፊቷ ቆሞ ያያት ነበር። «አንዱንም አልጠጣችም።»

ኢቢሴ በዝግታ ወደ እርሷ ሄዱ። ከእጇ ኩባያውን ወሰዱ፤ ፉዚያም አልተከላከለችም። ወደ ቢርካው ተመልሰው፣ ረጅሙን ቁመታቸውን አጥፈው በጫፉ ተንበረከኩና፣ ጫማዋን በጣታቸው ወደ ጎን ገፋ አድርገው ኩባያውን ሞሉ። ሰው ሁሉ ያያል፤ ሐጂ ሀሺ በዲጂኖው ላይ ተደግፈው ያያሉ። ኢቢሴ ጠብታ ሳይፈስባቸው በግቢው ውስጥ አልፈው መጡና ኩባያውን ወደ ፉዚያ አፍ አቀረቡት።

«ዱጊ» አሉ። ጠጪ ማለታቸው ነበር።

ዝም በይ ግን አላሏትም።